ኤክስተርናል ዲስካችሁ በሰካችሁት ቁጥር ቦታው እንዳይቀያየር፦ ለዊንዶውስ፣ ለማክ እና ለሊኑክስ ዝርዝር መመሪያ

ትላንት ኢ የነበረው ዲስክ ዛሬ ኤፍ ሆኖ ይመጣል፣ ፕሪሚየርን (የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራሙን) ስትከፍቱ ስክሪኑ ቀይ ሆኖ «ሚዲያ ኦፍላይን» ይላችኋል፣ ማታ ማታ የሚሰራው ባክአፕ ዲስኩን አጥቶ ይቆማል ወይም ከዛ የባሰ የሌላ ሰው ፍላሽ ላይ ይገለብጣል። ብዙ ሰው ይሄን ለማስተካከል ሞክሮ አልሰራልኝም ይላል፣ ምክንያቱ ደሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ አስተካክሎ ዲስኩን ሌላ ቦታ ወስዶ ይሰካዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ሳትዘሉ ስሩት።

ከመጀመራችሁ በፊት ሶስት ነገር ለዩ

ድራይቭ ሌተር (ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ ምናምን) ዲስኩ ላይ የተጻፈ ነገር አይደለም። ዊንዶውስ ራሱ ጋ ነው የሚያስቀምጠው፣ ስለዚህ ቤት ያለው ኮምፒውተር የሰጠውን ሌተር የቢሮው ኮምፒውተር አያውቀውም።

ሌብል ማለት ደሞ ለዲስኩ የምትሰጡት ስም ነው፣ ይሄ ዲስኩ ላይ ስለሚጻፍ በሄደበት ሁሉ አብሮት ይሄዳል፣ ማክ ላይም ሊኑክስ ላይም ይታያል።

ሶስተኛው ዩዩአይዲ የሚባለው መለያ ቁጥር ነው። ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ ይሰጠዋል፣ እንደገና ፎርማት ካደረጋችሁት ደሞ ይቀየራል። ኤክስፋት እና ፋት32 በሚባሉት የፎርማት አይነቶች ላይ አጭር ናት፣ መሃሏ ሰረዝ ያለባት 8 ፊደልና ቁጥር። የሊኑክሱ ኢኤክስቲ4 ላይ ግን ረጅም ነው፣ ከነሰረዙ 36።

ስራችን እንግዲህ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ሌብሉን በደንብ እንሰጣለን፣ ከዛ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ዲስኩ የሚቀመጥበትን ቦታ እናስራለን።

ደረጃ 1፦ ዝግጅት

1. ዲስኩ ላይ ያለውን ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ። ሌብል መቀየር ፋይል አያጠፋም፣ ግን ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ «ፎርማት» እና «ዲሊት ቮልዩም» የሚሉት ምርጫዎች ከምንፈልገው ምርጫ አጠገብ ነው ያሉት፣ አንድ የተሳሳተ ክሊክ በቂ ነው።

2. ዲስኩ በምን እንደተፎረመተ እዩ። ዊንዶውስ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ፋይል ሲስተም» የሚለውን ማየት ነው። ዊንዶውስና ማክ ላይ የምትቀያይሩት ከሆነ ኤክስፋት ይሁን። ኤንቲኤፍኤስ ከሆነ ማክ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም፣ ስሙንም አይቀይርም። ፋት32 ደሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ ለቪዲዮ አይሆንም።

3. ወደ ኤክስፋት መቀየር ካስፈለጋችሁ ፎርማት ማድረግ ግድ ነው፣ ፎርማት ደሞ ሁሉንም ያጠፋል። ተራ ቁጥር 1ን ሳትጨርሱ ወደዚህ እንዳትመጡ።

4. ማስኪንግ ቴፕ እና ማርከር አዘጋጁ። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ግን ሶስት ጥቁር ተመሳሳይ ዲስክ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሰክቶ ከማየት ውጪ መለያ የለውም።

ማስጠንቀቂያ፦ የማክ ወይም የሊኑክስ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ ስትሰኩ «ዲስኩን ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ አለብህ» የሚል መልእክት ሊመጣ ይችላል። ዲስኩ ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል፣ ዊንዶውስ አጻጻፉን አላወቀውም ማለት ነው። ሁሌም «ካንስል» በሉ። አንድ ሰርግ ሙሉ ቀረጻ በዚች አንዲት መልእክት ሊጠፋ ይችላል።

ደረጃ 2፦ ሌብል መስጠት

የስም ህጉ፦

ከ11 ፊደል አይብለጥ። ኤንቲኤፍኤስ 32 ድረስ ይፈቅዳል፣ ኢኤክስቲ4 16፣ ግን ፋት32 እና ኤክስፋት 11 ላይ ያቆማሉ፣ ስለዚህ በትንሹ መስራት ነው የሚያዋጣው።

በላቲን ካፒታል ሌተርና በቁጥር ብቻ ጻፉት፣ ስፔስ አታስገቡ። ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን ፊደል እንደተለያየ ስም ነው የሚያየው፣ ፋት32 ደሞ ሁሉንም ወደ ካፒታል ያደርገዋል፣ ከመጀመሪያው ካፒታል ከሆነ ጭቅጭቅ የለም።

በአማርኛ ፊደል አትጻፉት። ኤክስፋት ላይ ይሰራል፣ ስለሚሰራ ነው ሰው የሚሸወደው፤ ፋት32 ላይ አይሆንም፣ ኢኤክስቲ4 ላይ ደሞ 16ቱ የሚቆጠረው በፊደል ሳይሆን በባይት ነው፣ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ 5 ፊደል ላይ ያልቅባችኋል።

እና ደሞ «ኒው ቮልዩም» ወይም የዲስኩን ብራንድ ስም አትተዉ። ሌላም ሰው ተመሳሳይ ዲስክ ገዝቶ ያንኑ ስም ይዞ ነው የሚመጣው። ስራውን እና ቁጥሩን የሚናገር ስም ስጡት። እዚህ መመሪያ ላይ እንዲነበብ ብዬ «ሰርግ01» እያልኩ እጽፋለሁ፣ እናንተ በላቲን ነው የምትጽፉት።

አሰጣጡ፦

ዊንዶውስ፦ «ዚስ ፒሲ» ክፈቱ፣ ዲስኩን ራይት ክሊክ፣ «ሪኔም»፣ ስሙን ጽፋችሁ ኢንተር።

ማክ፦ «ዲስክ ዩቲሊቲ» ክፈቱ፣ በግራ በኩል ቮልዩሙን (ከዲስኩ ስም ስር ገባ ብሎ ያለውን) ምረጡ፣ ከ«ፋይል» ሜኑ «ሪኔም»።

ሊኑክስ፦ «ዲስክስ» የሚለውን አፕ ክፈቱ፣ ፓርቲሽኑን (የዲስኩን ክፍል) ምረጡና መጀመሪያ የካሬ ምልክቷን ተጭናችሁ አንማውንት አድርጉት (ሳትነቅሉ ከሲስተሙ አላቁት)፣ ከዛ ጥርስ ያላትን የማርሽ ምልክት፣ «ኤዲት ፋይልሲስተም»።

አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው የምትሰጡት፣ ሌሎቹ ራሳቸው ያዩታል። ወዲያው ማስኪንግ ቴፑን ቆርጣችሁ ያንኑ ስም ዲስኩ ላይ ለጥፉ፣ ገመዱ ላይ ሳይሆን ዲስኩ ላይ፣ ገመድ ይቀያየራል።

ስሙ አልቀየር ካለ፦ ፍላሽ ላይ አውቶራን የሚባል የተደበቀ ፋይል ካለ ዊንዶውስ የሚያሳየው እውነተኛውን ሌብል ትቶ እዛ ፋይል ላይ የተጻፈውን ስም ሊሆን ይችላል። በ«ቪው» በኩል የተደበቁ ፋይሎችን አሳዩ፣ ይሄን ፋይል አጥፉ፣ ነቅላችሁ ሰኩ። እግረ መንገዳችሁን በአንቲቫይረስ ስካን አድርጉት፣ እንደዚህ አይነት ፋይል ብዙ ጊዜ ከሾርትከት ቫይረስ ጋር ነው የሚመጣው።

ደረጃ 3፦ ዊንዶውስ ላይ ሌተሩን ማሰር

ዊንዶውስ አዲስ ዲስክ ሲያይ ከመጀመሪያው በኩል ክፍት ያገኘውን ሌተር ነው የሚሰጠው። ካርድ ሪደር ያለው ኮምፒውተር ከሆነ ደሞ ባዶ ቀዳዳዎቹ ራሳቸው ሌተር ሊይዙ ይችላሉ። ስለዚህ ዘዴው ለኛ ዲስክ ራቅ ያለ፣ አውቶማቲኩ የማይደርስበት ሌተር መስጠት ነው።

1. ሌላውን ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ሁሉ ንቀሉ፣ የምትፈልጉትን ዲስክ ብቻ ሰኩ።

2. የዊንዶውስ ቁልፉን ይዛችሁ ኤክስን ተጫኑ፣ ከዝርዝሩ «ዲስክ ማኔጅመንት» ምረጡ። የአድሚን ፈቃድ ይፈልጋል፣ የቢሮ ኮምፒውተር ከሆነ አይቲ ክፍሉን ጥሩ።

3. ከታች ካሉት መስመሮች ዲስካችሁን ፈልጉ። «ዲስክ 1»፣ «ዲስክ 2» በሚለው ቁጥር አትመኑ፣ እሱም ይቀያየራል። በሌብሉና በመጠኑ አረጋግጡ። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ «ሪሙቫብል» ሳይሆን «ቤዚክ» ተብሎ ነው የሚታየው፣ አይደንግጣችሁ።

4. ፓርቲሽኑ ላይ፣ ማለትም በቀኝ በኩል ሌብሉ የተጻፈበት ሳጥን ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ቼንጅ ድራይቭ ሌተር ኤንድ ፓዝስ» በሉ። በግራ ያለው ግራጫ ሳጥን ላይ ክሊክ ካደረጋችሁ ይሄ ምርጫ አይመጣም።

5. «ቼንጅ» ተጫኑ፣ ከኤም እስከ ቲ ካሉት አንዱን ምረጡ። ዜድን እና አካባቢውን ተዉት፣ ኔትወርክ ድራይቭ ስታገናኙ ዊንዶውስ ከዜድ ነው የሚጀምረው። ኤ እና ቢም የፍሎፒ ዘመን ሌተሮች ስለሆኑ አንዳንድ የድሮ ፕሮግራም ይደናገራል።

6. «ሌተሩን የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች ላይሰሩ ይችላሉ» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ዲስኩ ላይ የተከፈተ ፕሮጀክት ከሌለ «የስ» በሉ። ካለ ሴቭ አድርጋችሁ ዝጉትና ተመለሱ።

7. ሌተሩን ማስኪንግ ቴፑ ላይ ከሌብሉ ስር ጨምሩበት። ከዛ ይሄንኑ ከ1 እስከ 6 ዲስኩ የሚሄድበት እያንዳንዱ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ድገሙ፣ በተመሳሳይ ሌተር። ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው፣ ስቱዲዮ ኤም ሆኖ ቤት ኢ ከሆነ የሰራችሁት ስራ የለም።

ርካሽ ፍላሽ ከሆነ አንድ ነገር እወቁ። አንዳንዱ ፍላሽ የራሱ ሲሪያል ነምበር የለውም፣ ዊንዶውስ ደሞ እንደዚህ አይነቱን የሚለየው በተሰካበት ቀዳዳ ነው፣ ቀዳዳ ስትቀይሩ እንደ አዲስ እቃ አይቶ ሌላ ሌተር ይሰጠዋል። እንደዚህ ካደረገባችሁ ሁሌም አንድ ቀዳዳ ላይ ሰኩት፣ ወይም ለቁም ነገር ስራ ሌላ ፍላሽ ግዙ። ከሱ ጋር መታገል አያዋጣም።

ሁለተኛው መንገድ፣ በፎልደር ማሰር

ዲስኩ ብዙ ከሆነ ወይም ሌተር ካጠረ በፎልደር ማሰር ይሻላል፣ እኔ በተለይ ለባክአፕ ዲስክ ይሄን ነው የምመርጠው። ሲ ላይ «ዲስኮች» የሚል ፎልደር (ስሙን በላቲን)፣ ውስጡ ደሞ በሌብሉ ስም ባዶ ፎልደር ፍጠሩ። ከላይ ተራ ቁጥር 5 ላይ «ቼንጅ» በማለት ፋንታ «አድ» በሉ፣ «ማውንት ኢን ዘ ፎሎዊንግ ኤምፕቲ ኤንቲኤፍኤስ ፎልደር» የሚለውን መርጣችሁ ፎልደሩን አሳዩት። ፎልደሩ ባዶ ካልሆነ አይቀበልም። ጥቅሙ ዲስኩ ሲነቀል ፎልደሩ አልከፈት ስለሚል ባክአፑ በስህተት ሲ ላይ አይጽፍም። ስትተዉት ግን ፎልደሩን በኤክስፕሎረር ዲሊት እንዳታደርጉ፣ እዛው ዲስክ ማኔጅመንት ገብታችሁ «ሪሙቭ» በሉ።

ደረጃ 4፦ ማክ

ማክ ሌተር የለውም፣ ዲስኩን «ቮልዩምስ» የሚባል ፎልደር ውስጥ በሌብሉ ስም ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ደረጃ 2ን በደንብ ከሰራችሁ እዚህ የምትጨምሩት የለም፣ ማጣራት ብቻ ነው።

1. ዲስኩን ሰኩ፣ «ዲስክ ዩቲሊቲ» ውስጥ ቮልዩሙን ምረጡ።

2. «ማውንት ፖይንት» የሚለውን አንብቡ። ከ«ቮልዩምስ» ቀጥሎ «ሰርግ01» ብቻ ካለ ጨርሳችኋል።

3. «ሰርግ01 1» ብሎ መጨረሻው ላይ ቁጥር ከጨመረ ችግር አለ። ፋይንደር ላይ ስሙ ትክክል መስሎ ስለሚታይ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ቀኑን ሙሉ የሚለፋው፣ ፕሮግራሞቹ የሚያዩት ግን ቁጥር ያለበትን ነው።

ቁጥሩ የሚመጣው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ተመሳሳይ ሌብል ያለው ሌላ ዲስክ ተሰክቶ ከሆነ ነው፣ የአንዱን ስም ቀይሩ። ሁለተኛው፣ ዲስኩ ሳይኖር አንድ ፕሮግራም እዛ ስም ላይ ሊጽፍ ሞክሮ ተራ ፎልደር ከፈጠረ ነው። ለሁለተኛው እንዲህ አድርጉ፦ ዲስኩን ኢጀክት አድርጋችሁ ንቀሉ፣ ፋይንደር ላይ «ጎ»፣ «ጎ ቱ ፎልደር» ብላችሁ ስላሽ አስቀድማችሁ «ቮልዩምስ» ብላችሁ ግቡ። ዲስኩ ተነቅሎም ስሙ እዛ ካለና ምልክቱ የፎልደር ከሆነ ጥፋተኛው እሱ ነው። ክፈቱት። ውስጡ ፋይል ካለ፣ ኤክስፖርት ያደረጋችሁት ቪዲዮ ሊሆን ስለሚችል፣ መጀመሪያ ወደ ዴስክቶፕ ኮፒ አድርጉ፣ ከዛ ፎልደሩን አጥፉ፣ ዲስኩን መልሳችሁ ሰኩ።

ደረጃ 5፦ ሊኑክስ

«ኤስዲቢ»፣ «ኤስዲሲ» የሚሉትን ስሞች የትም ቦታ፣ ስክሪፕት ውስጥም ሴቲንግ ውስጥም አትጻፉ። የሚሰጡት ዲስኮቹ በተገኙበት ተራ ነው፣ ትላንት ኤስዲቢ የነበረው ዛሬ ሌላ ዲስክ ሊሆን ይችላል፣ ፎርማት የሚያደርግ ትእዛዝ ላይ ከተጻፈ ደሞ ጉዳቱ ትልቅ ነው። የማይቀያየረውን ከፈለጋችሁ «ዴቭ» ስር «ዲስክ» ውስጥ «ባይ-ሌብል»፣ «ባይ-ዩዩአይዲ» እና «ባይ-አይዲ» የሚሉ ፎልደሮች አሉ፣ እነሱን ተጠቀሙ።

ለሚሰካ ለሚነቀል ዲስክ፦ ምንም ሴቲንግ አትንኩ። ኡቡንቱ ዲስኩን «ሚዲያ» ስር በዩዘር ስማችሁ ውስጥ በሌብሉ ስም ያስቀምጠዋል፣ ፌዶራ ደሞ «ራን» ስር ባለው «ሚዲያ» ውስጥ። ሌብሉ ካልተቀየረ ቦታውም አይቀየርም። ሌብል ከሌለው ግን በዩዩአይዲው ነው የሚጠራው፣ ያንን ቁጥር ማን ያስታውሳል።

ሁሌ ተሰክቶ ለሚቀመጥ የባክአፕ ዲስክ፦

1. «ዲስክስ» ክፈቱ፣ ፓርቲሽኑን ምረጡ፣ የማርሽ ምልክቷ፣ «ኤዲት ማውንት ኦፕሽንስ»።

2. ከላይ ያለውን «ዩዘር ሴሽን ዲፎልትስ» አጥፉት፣ ከታች ያለው ሁሉ ይከፈትላችኋል።

3. «አይደንቲፋይ አዝ» የሚለው ላይ ዩዩአይዲ ያለበትን ምረጡ። ዲስኩን አልፎ አልፎ ፎርማት የምታደርጉት ከሆነ ሌብል ያለበትን፣ ግን ከፎርማት በኋላ ያንኑ ሌብል መልሳችሁ መስጠት አለባችሁ።

4. «ማውንት ፖይንት» ላይ «ኤምኤንቲ» ስር አጭር ስም ስጡ።

5. የኦፕሽኑ መስመር ላይ «ኖፌይል» የሚለው ቃል መኖሩን እዩ። አፑ ራሱ ያስገባዋል፣ እንዳታጠፉት። እሱ ከሌለ ዲስኩ ባልተሰካበት ቀን ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲስኩን ሲጠብቅ ቆይቶ ኢመርጀንሲ ሞድ ውስጥ ይገባል።

6. ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ከሆነ ዲስኩ የሩት (የሊኑክስ ዋና አድሚን) ሆኖ መጻፍ ሊከለክላችሁ ይችላል። ኦፕሽኑ ላይ ኮማ ጨምራችሁ ዩ፣ አይ፣ ዲ የሚሉትን ትንንሽ ፊደሎች፣ የእኩል ምልክት እና 1000 ጻፉ። 1000 ኡቡንቱ ላይ መጀመሪያ የተፈጠረው ዩዘር ቁጥር ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሊኑክስ ላይ ዲስኩ ሳይኖር ያ ፎልደር ባዶ ፎልደር ሆኖ ይቆያል። እንደ ሩት የሚሰራ ባክአፕ ከሆነ ምንም ሳይጠይቅ እዛ ይጽፋል፣ ማለትም ባክአፕ ያደረጋችሁ እየመሰላችሁ እዛው ኮምፒውተር ውስጥ ነው የምትገለብጡት፣ ሲስተሙ እስኪሞላ ድረስ። መከላከያው ቀላል ነው፦ ዲስኩ ላይ «አለሁ» የምትል ባዶ ፋይል አስቀምጡ፣ ስክሪፕቱ እሷን ካላየ እንዲቆም አድርጉ።

ሴቭ ካደረጋችሁ በኋላ ኮምፒውተሩ አልነሳ ካለ በላይቭ ፍላሽ (ሊኑክስ በተጫነበት ማስነሻ ፍላሽ) አስነሱት፣ የሲስተሙ ዲስክ ላይ «ኢቲሲ» ፎልደር ውስጥ ያለውን «ኤፍስታብ» ፋይል ክፈቱ፣ አዲሱ መስመር መነሻ ላይ የሀሽ ምልክት አድርጋችሁ ሴቭ አድርጉ።

ደረጃ 6፦ ፈተና

ሰርቷል ብላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ሆን ብላችሁ ለማበላሸት ሞክሩ። ዲስኩን በስርአት ኢጀክት አድርጉ፣ ሁለት ሌላ ፍላሽ አስቀድማችሁ ሰኩ፣ ከዛ ዲስኩን ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰኩት። ሌተሩ ወይም ቦታው ያው ነው? ሪስታርት አድርጉና ድገሙ። በዩኤስቢ ሀብ የምትጠቀሙ ከሆነ በሀቡም ሞክሩ። ይሄን ካለፈ በኋላ ብቻ ፕሮግራሞቹን አዲሱን ቦታ አሳዩአቸው።

ፕሪሚየር ላይ ፕሮጀክት ፋይሉንና ቀረጻውን አንድ ፎልደር ውስጥ እዛው ዲስክ ላይ አስቀምጡ። የመጀመሪያ ቀን «ሊንክ ሚዲያ» ሲመጣ «ሪሊንክ አዘርስ አውቶማቲካሊ» የሚለው ቲክ መሆኑን አይታችሁ አንድ ፋይል ብቻ አሳዩት፣ የቀሩትን ራሱ ይፈልጋቸዋል። አንድ በአንድ ክሊክ እያደረጋችሁ አትድከሙ።

ሲበላሽ ምን ይደረግ

ዲስኩ ተሰክቷል ግን «ዚስ ፒሲ» ላይ የለም፦ ዲስክ ማኔጅመንት ክፈቱ። እዛ ካለና ሌተር ከሌለው ደረጃ 3ን ስሩ። ብዙ ጊዜ ያንን ሌተር ኔትወርክ ድራይቭ ይዞት ነው፣ ሌላ ስጡት።

«ኦፍላይን፣ ሲግኒቸር ኮሊዥን» ይላል፦ ክሎን የተደረገ (ሙሉ በሙሉ እንዳለ የተገለበጠ) ዲስክ ከዋናው ጋር አብሮ ተሰክቷል፣ ሁለቱ መለያቸው አንድ ነው። «ኦንላይን» ካላችሁት ዊንዶውስ የክሎኑን መለያ ይቀይረዋል፣ ክሎኑ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ከሆነ ከዛ በኋላ ላያስነሳ ይችላል። አንዱን ንቀሉ። ሊኑክስ ላይ ደሞ ማስጠንቀቂያ ላይመጣ ይችላል፣ በዩዩአይዲ ስትጠሩት ከሁለቱ የትኛው እንደሚመጣ አታውቁም፣ ስለዚህ ክሎኑንና ዋናውን አንድ ላይ አትሰኩ፣ የክሎኑንም ሌብል ለብቻው ስትሰኩት ወዲያው ቀይሩ።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማክ ላይ ዲስኩ አይታይም፦ ኤክስፋት ጆርናል (የለውጦች መመዝገቢያ) ስለሌለው በድንገት ሲቋረጥ ማክ ከጀርባ ይፈትሸዋል፣ ትልቅ ዲስክ ከሆነ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ አትንቀሉት፣ ጠብቁ። በመሃል መንቀል ነው የሚያባብሰው።

የዲስኩን ሳጥን ቀይራችሁ «ፎርማት አድርግ» አለ፦ አንዳንድ የዩኤስቢ ሳጥን፣ በተለይ ከ2 ቴራባይት በላይ ለሆነ ዲስክ የተሰራው፣ የሴክተሩን (ዲስኩ የተከፋፈለባትን ትንሿን ክፍል) መጠን ቀይሮ ነው ለኮምፒውተሩ የሚያሳየው፣ ሌላ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ፓርቲሽኑ አይነበብም። ፎርማት አታድርጉ፣ ሪከቨሪ ሶፍትዌርም አትጀምሩ። ወደ ድሮው ሳጥን መልሱት፣ ፋይሉን ወደ ሌላ ዲስክ ኮፒ አድርጉ፣ ከዛ በአዲሱ ሳጥን ፎርማት አድርጋችሁ ከደረጃ 2 ጀምሩ።